ዝም ይነቅዛል፤ ያውም በሦስት ወሩ!

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ለጎረቤት ጠብና ለባልና ሚስት ኩርፊያ ይሠራ ይሆናል። ለደመወዝተኛ ግን አይሠራም። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ፊት ዝም ይነቅዛል! በስንት ጊዜው ቢሉ፣ ያላግባብ የተባረረ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ ካልከሰሰ በሦስት ወሩ፣ ያልተከፈለ ደመወዙንና የትርፍ ሰዓቱን ካልጠየቀ በስድስት ወሩ። ከዚያ ወዲያ ሕጉ «ምን ተበደልክ?» ማለቱን ትቶ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ይላል።

የት ነበር? ነገሌ ነበር። ያቤሎ ነበር። ሞያሌ ነበር። ሻኪሶ ነበር። መብት አለህ የሚለው ሰው አጥቶ ሻይ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብሎ ሌላ ሥራ ሲጠብቅ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሕግ የለም ለማለት አይደለም። ሕግማ ሞልቷል! ደርግ ከወደቀ ወዲህ ብቻ ሦስት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ወጥተዋል፤ ቁጥር 42 በ1985፣ ቁጥር 377 በ1996፣ ቁጥር 1156 በ2011 ዓ.ም.። ከእነሱም በፊት የንጉሡ የ1956ቱና የደርግ የ1968ቱ አዋጆች ነበሩ። አሁን የሚሠራበት የ2011ዱ ነው፤ ላነበበው ሰው የሚያስከፋ ሕግ አይደለም። ግን ምን ዋጋ አለው? ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ነገሌ ለምትሠራው የሆቴል አስተናጋጅ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖባታል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። በዲፕሎማ ተመርቄ ጽሑፌን ለጋዜጣ እየሸጥኩ የማድር ፍሪላንስ ነኝ። ግን በሐገረ ማርያም በኩል እስከ ሞያሌ፣ በክብረ መንግሥት በኩል እስከ ነገሌ ባለው መንገድ ስመላለስ ጋዜጠኛ መሆኔን የሰማ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ምርጫና ስለ ሥልጣን ሽኩቻ አይደለም። አስተናጋጇ፣ ነዳጅ ቀጂው፣ የጭነት መኪና ረዳቱ፣ የሌሊት ዘበኛው ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉኝ። «እንዲህ ተደረግሁ፤ መብት አለኝ ወይ?» ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፤ መልሳቸውም አዋጁ ውስጥ አለ። ስለዚህ ዛሬ ይህ ገጽ የእነሱ ነው።

«ወረቀት የለኝም፤ ሠራተኛ ነኝ ወይ?»

ነህ! አንቺም ነሽ! የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥስ? አዋጁ በግልጽ እንደሚለው አሠሪው ወረቀት አለመስጠቱ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ጥፋቱ የእሱ፣ መብቱ ያንተ ነው።

አስቸጋሪው ሕጉ ሳይሆን ይሉኝታው ነው። በትንሽ ከተማ ቀጣሪና ተቀጣሪ ባዕድ አይደሉም። ልጁን ያስቀጠረው አጎቱ ነው፤ አለዚያም ያገሩ ሰው ነው። አሠሪውን «ጋሼ» ይላል፣ ባለቤታቸውን «እትዬ» ይላል። «ጋሼ፣ ውል እንፈራረም» ማለት «ጋሼ፣ አላምንዎትም» ማለት መስሎ ይታየዋል። ጋሼ ግን ቤት ሲያከራዩ ያዋውላሉ፤ ገንዘብ ሲያበድሩም ምስክር ያስፈርማሉ። እሳቸው ያልተዉትን ወረቀት ሠራተኛው ለምን ይተወዋል? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶች ሞኝ አልነበሩም።

ጋሼ እምቢ ካሉ ደግሞ ደብተር ይግዛ። የተቀጠረበትን ቀን፣ ደመወዙን፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ይጻፍ። ደመወዙ በባንክ እንዲገባለት ይጠይቅ። አብረውት የሠሩትን ሰዎች ስምና ስልክ ይያዝ። የሥራ ግንኙነት በምስክርም ይረጋገጣል።

«ለጊዜው ነው የቀጠርኩህ» የሚባለው ዘዴም አለ። አዋጁ የሚነሳው ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ ነው ከሚል ግምት ነው። የጊዜ ገደብ የሚደረግበት ምክንያት ተዘርዝሯል፤ አንድ የተወሰነ ሥራ ለመጨረስ፣ የታመመ ወይም ፈቃድ የወጣ ሠራተኛ ለመተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ጫና ሲመጣ፣ ወቅት እየጠበቀ የሚሠራ ሥራ ሲሆን፣ ወዘተ። ዓመት ከዓመት ተከፍቶ ለሚያድር ሆቴል ወጥ ቤት «ጊዜያዊ» አይባልም።

የሙከራ ጊዜስ? ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ያውም በጽሑፍ ሲሆን ነው። በ55ኛው ቀን «አልሆንከኝም» ብሎ አሰናብቶ በሳምንቱ ለዚያው ሥራ መልሶ ቀጥሮ «እንደገና ሙከራ ነህ» ማለት አይቻልም።

«ነገ እንዳትመጣ»

ይቺ ቃል በቆላው ከተሞች የስንብት ደብዳቤ ናት! ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ትነገራለች፤ ጠዋት ሌላ ሰው ቆሞ ይገኛል።

ሕጉ ምን ይላል? ሠራተኛ የሚሰናበተው ከጠባዩ፣ ከችሎታው ወይም ከድርጅቱ ሁኔታ ጋር በተያያዘ ምክንያት ብቻ ነው። ማኅበር ስለገባ፣ አቤቱታ ስላቀረበ፣ በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ፣ ስላገባች፣ ስላረገዘች ማባረር ሕገ ወጥ ነው። ያለማስጠንቀቂያ ማባረር የሚቻልባቸው ጥፋቶችም አሉ፤ ማታለል፣ የድርጅቱን ንብረት መውሰድ፣ ሥራ ቦታ መደባደብ፣ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ አምስት የሥራ ቀን መቅረት፣ ወዘተ። አሠሪውም ቢሆን ጥፋቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ይቀርበታል። የመጋቢቱን ጥፋት ለመስከረም ቂም ማስቀመጥ የለም። የእሱም ዝም ይነቅዛል!

ከዚህ ውጭ ማስጠንቀቂያ ግድ ነው። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር።

እስቲ በብር እናስላው። በወር 3,000 ብር እየተከፈለው አራት ዓመት የሠራ ሰው «ነገ እንዳትመጣ» ተባለ እንበል። ፍርድ ቤት ሄዶ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ከተባለና ወደ ሥራው ካልተመለሰ የሚያገኘው ይህ ነው፦

የስንብት ክፍያ፦ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ 3,000 ብር፤ ለተጨማሪው ሦስት ዓመት በየዓመቱ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 1,000 በ3፤ ድምር 6,000 ብር።

የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፦ የሁለት ወር፣ 6,000 ብር።

ካሳ፦ የ180 ቀን ደመወዝ፣ 18,000 ብር።

ጠቅላላ 30,000 ብር! የሠራበት ወር ደመወዝ ከዚህ ሌላ ነው። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ላዘገየ አሠሪ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል። የሥራ ልምድ ወረቀትም በነጻ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ያ ሰው የሚሰጠው የወሩ 3,000 ብር ነው። ባርኔጣውን አንስቶ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ይወጣል። 30,000 ብሩን ጥሎ መሄዱን የሚነግረው የለም። ይህ ልመና አይደለም፣ ውለታም አይደለም፤ የራሱ ገንዘብ ነው።

ሕጉ ወደ ሠራተኛውም ይዞራል፤ ይህን መደበቅ ሐቀኝነት አይሆንም። መልቀቅ የፈለገ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ለገበያ ቀን አሠሪውን ሜዳ ላይ ጥሎ ጠፍቶ «መብቴ ነው» ማለት አይሠራም፤ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ሊጠየቅ ይችላል።

«ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆሜ ነው የምውለው»

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በሳምንት አንዴ ሳይቆራረጥ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ሒሳቡም ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሆነው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ለሆነው 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ላጠናቀቀ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል።

«አይ፣ ቲፕ ታገኚ የለም ወይ?» ይሏታል አስተናጋጇን። ደንበኛ የሚሰጠው የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ አይደለም ይላል አዋጁ። የእንግዳው ቸርነት የባለቤቱን ዕዳ አይከፍልም።

«ብርጭቆ ሰብረሻል» ተብሎ ደመወዝ መቁረጥም አለ። ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በምንም መንገድ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ወር ሙሉ ሠርታ «የሰበርሽው በልቶታል» ተብላ ባዶ እጇን የምትወጣ ልጅ ተዘርፋለች።

«አርግዣለሁ፤ እንዳይነቁብኝ»

ይህን በሹክሹክታ ነው የሚጠይቁኝ። መልሱ ግን በሹክሹክታ የሚነገር አይደለም። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አለሽ። በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽ በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ አሠሪሽ እርግዝናሽን ምክንያት አድርጎ ሊያሰናብትሽ አይችልም። ባልሽም ደመወዝተኛ ከሆነ ሦስት ቀን የአባትነት ፈቃድ አለው።

ሌላም በሹክሹክታ የሚነገር አለ። ማታ በር የሚያንኳኳ ባለቤት ወይም የሥራ ኃላፊ። የ2011ዱ አዋጅ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን በስሙ ጠርቶ ከልክሏል። የደረሰባት ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን ልትለቅ ትችላለች፤ የስንብት ክፍያና ካሳም ይገባታል። «በገዛ ፈቃድሽ ነው የወጣሽው» ብሎ ማምለጥ የለም።

«እጄ ማሽን በላው፤ አሳክመው ሸኙኝ»

ከቦረና እስከ ጉጂ ያለው ሥራ አደጋ የበዛበት ነው። ወርቅና ታንታለም የሚወጣው በጉጂ ምድር ነው። ከዱብሉቅ የከብት ገበያ ከብት ጭኖ የሚወጣው መኪና ላይ ረዳቱ ከበሬዎቹ ጋር ነው የሚንጠለጠለው። ሕጉ በዚህ ላይ ጠንካራ ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ነፃ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ወይም ሰክሮ ከነበረ ነው። ሕክምናውን አሠሪው ይሸፍናል። ተኝቶ እያለ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን ሦስት ወር ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ ያለውን ስድስት ወር ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። ዘላቂ ጉዳት ካለ ካሳ አለ። አሳክሞ መሸኘት ግማሽ ግዴታ ብቻ ነው።

ለገደንቢን የማያውቅ የለም። የመንግሥት የነበረው የወርቅ ማዕድን በ1989 ዓ.ም. በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ። በግንቦት 2010 የአካባቢው ሕዝብ «ጤናችን ተጎዳ» ብሎ አደባባይ ወጥቶ መንግሥት ፈቃዱን አገደ። ሕዝቡ መጠየቁ ተገቢ ነበር። ግን ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ስለ ኩባንያው ተወራ፣ ስለ ነዋሪው ተወራ፣ ስለ ወርቁ ተወራ። ማዕድን ሲቆም አብሮ የሚቆመው የሠራተኛው እንጀራ ነው፤ ስለ እሱ የተወራው ግን ጥቂት ነው። ድርጅት ሥራ ሲያቆም ሠራተኛው ዝም ብሎ «እስኪከፈት ጠብቅ» አይባልም። አሠሪው ከሥራ ማገዱን ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት፤ የሚፈቀደው እግድም ከ90 ቀን አይበልጥም። ካልተከፈተ ሠራተኛው የማስጠንቀቂያና የስንብት ክፍያውን ይዞ መንገዱን ይፈልጋል።

ጡረታም ይነሣ። ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ያደርጋል። የሚቆርጥ ብዙ ነው፤ ገቢ ማድረጉን ማን አየ? የጡረታ መለያ ቁጥርህን ጠይቅ። ቁጥር የለህም ከተባልክ 7 በመቶህ የት እንደሚያድር ገብቶሃል።

ሽማግሌ ሰዓት አያስቆምም

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። በቆላው አገር ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚሄደው ፍርድ ቤት አይደለም፤ ሽማግሌ ዘንድ ነው። መልካም ባህል ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ሽማግሌው «ለፋሲካ እንቀመጥ» ይላል፤ ፋሲካ ያልፋል። «ጋሼ ሞያሌ ሄደዋል፣ ሲመለሱ» ይላል፤ ጋሼ ሲመለሱ ሦስቱ ወር አልቋል። ጋሼም ሕጉን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ጠበቃ አላቸው!

ይርጋ የሚባለው የሕግ ሰዓት የሚቋረጠው ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ወይም ለመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሲቀርብ፣ አለዚያም አሠሪው «አዎ፣ ይገባዋል» ብሎ በግልጽ ሲያምን ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ይግባ፤ ግን መጀመሪያ አሠሪው ማመኑን በወረቀት ይፈርም። እምቢ ካለ በሦስት ወሩ ውስጥ ክስ ይከፈት፤ ሽምግልናው ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ፍርድ ቤቱም ክሱ ከቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዝዛል። ሰውን ፍርድ ቤት ማቆም ዘመድ መቁረጥ አይደለም፤ የዘመድ ልጅን ያለ ደመወዝ ማሠራት ግን ዘመድ መቁረጥ ነው።

መንግሥትስ የት ነበር?

እስካሁን ሠራተኛውን ዝም አትበል አልኩ። ግን ያልሰማውን ሰው «ለምን ዝም አልክ» ማለት ፍርድ ነው ወይ?

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው አሬሮ ምድር፣ ገዮ ላይ ቦረና በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ገዮን ይሰበስባል። ሕግ ይመረመራል፣ ይሻሻላል፣ ከዚያም በሕዝብ ፊት በቋንቋው በቃል ይታወጃል። ፊደል ያልቆጠረው እረኛ ሳይቀር ሕጉን ሰምቶ ይሄዳል። የፌዴራሉ አዋጅ 1156ስ? በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታተመ፤ አበቃ። ነገሌና ሞያሌ ያለው አብዛኛው ሠራተኛ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ነው የሚኖረው፣ የሚያለቅሰውም። «ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም» ለማለት መጀመሪያ ሕጉን ማሰማት ይቀድማል። ያለ ማተሚያ ቤት ሕግ የሚያውጅ ሕዝብ እያለ፣ ማተሚያ ቤት ያለው መንግሥት ይህ ካቃተው ሊያፍር ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምና ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንደሚወሰን በ2011 ተናገረ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ዝቅተኛውን ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. 4,760 ብር፣ በመስከረም 2018 ደግሞ 6,000 ብር አደረገ። ኑሮ መወደዱን አውቆ ነው፤ ደግ አደረገ። ግን ጤፍና ዘይት ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው ወይ የተወደደው? የግል ሠራተኛው ሆድ በየትኛው ወለል ላይ ይቁም?

ሦስተኛው የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ነው። ነገሩ ሳቅም ለቅሶም ያመጣል። የ1985ቱ አዋጅ እነሱን ከሕጉ ውጭ አድርጎ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል» ወደሚል አሻገራቸው። የ1996ቱ ያንኑ ቃል ደገመ። የ2011ዱም ሦስተኛ ደገመ። በ1985 ሰው ቤት የገባች የ12 ዓመት ልጅ ዛሬ አያት ልትሆን ደርሳለች!

እኔም ከውጭ ካሉት ነኝ። በራሱ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራን ሰው አዋጁ አይመለከተውም። አንድ ጋዜጣ የአራት ጽሑፍ ዋጋ ሳይከፍለኝ ቢቀር የዓመት ፈቃድም የስንብት ክፍያም የለኝም፤ ደርሶብኝ አውቀዋለሁ። የማመለክተው እንደ ማንኛውም ባለ ገንዘብ በፍትሐ ብሔር ነው። ሕግ ውስጥ ያለ ሰው ሕጉን ሳይጠቀምበት ሲቀር የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

ነገሌ ይህን ታውቃለች

አሠሪዎችን ሁሉ ጨካኝ ለማለት አልተነሣሁም። መብራት እየጠፋ፣ ግብር እየከበደ፣ መንገድ እየተዘጋ የሚነግድ ሰው ችግር አለበት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረናን የመታው ድርቅ ነጋዴውንም መትቷል። ግን ድርቁ ከብቱን የፈጀበት የአርብቶ አደር ልጅ ነው ዛሬ ያቤሎና ዱብሉቅ ድንጋይ የሚሸከመው፣ ሆቴል ውስጥ ሳህን የሚያጥበው። በባህሉ ከብቱ ያለቀበት ሰው በቡሳ ጎኖፋ ከጎሳው ጊደር ይሰጠው ነበር፤ ወድቆ አይቀርም ነበር። ከተማ ገብቶ ደመወዝተኛ ሲሆን ያን ድጋፍ አጣ። በምትኩ ያለው ይኸው አዋጅ ነው። አዋጁ ካልደረሰለት ምን ይይዛል? ሞያሌን ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚያስኬደውን ደላላ ይይዛል!

የሠራተኛን ትንሽ አቤቱታ የሚንቅ ባለሥልጣን ካለ ነገሌን ያስታውስ። ጥር 4 ቀን 1966 ነገሌ የሰፈሩት ወታደሮች መኮንኖቻቸውን ያሰሩት ሥልጣን ፈልገው አልነበረም። የሚበላ ምግብና የሚጠጣ ውሃ ነበር የጠየቁት። ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ከራሳቸው ምግብ አበሏቸው። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ፣ የካቲት 28 ቀን 1966፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ መታ። የዚያን ዓመት መጨረሻ የምታውቁት ነው። ውሃ የከለከለ መንግሥት ዙፋን አጣ።

ደርግም ኢሕአዴግም ከዚያ የተማሩት ማኅበር መፍራትን ነው። በ1987 ዓ.ም. የዶክተር ዳዊ ኢብራሂም አመራር የመንግሥትን የኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲተች ኢሠማኮ ከምዝገባ ተሰረዘ፤ ሊቀመንበሩ ተሰደዱ። በ1989 ኮንፌዴሬሽኑ እንደገና ሲቋቋም ብዙ ሠራተኛ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ግን እንዳለ ነው፤ የመደራጀት፣ የመደራደርና ሥራ የማቆም መብት ተጽፎበታል። ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገው 10 ሠራተኛ ነው። አንድ ሆቴል 10 ሰው ከሌለው የብዙ ሆቴል ሠራተኞች ተሰብስበው አንድ ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። አንድ ሰው «ጋሼ፣ ውል ይጻፍልኝ» ሲል ያፍራል። ዐሥር ሆነው ሲሉት ማን ያፍራል?

ከመንግሥት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አዋጁ በኦሮምኛና በሶማሊኛ በየቀበሌውና በየሆቴሉ ግድግዳ ይለጠፍ፤ በሬዲዮም ይነበብ። በየወረዳው የሥራ ሁኔታ የሚቆጣጠር ሰው ይመደብ፤ ሲመጣም ምሳ ተጋብዞ ሳይሆን መዝገብ አይቶ ይሂድ። የተባለው የደመወዝ ቦርድ ይቀመጥ። ሦስት ጊዜ ቃል የተገባው የቤት ሠራተኞች ደንብ ይውጣ።

ከሠራተኛው የምንጠይቀው ደግሞ አንድ ነው። ዛሬ ማታ ደብተር ገዝተህ የተቀጠርክበትን ቀን ጻፍ። «ነገ እንዳትመጣ» ያለህ ሰው ካለ ያለህን ቀን ጻፍና ከዚያ ቀን ጀምረህ ሦስት ወር ቁጠር። ቀኑ ሳይሞላ ፍርድ ቤት ግባ።

ዝም ይነቅዛልና!